ክንዴ ላይ የቀሩት ጣቶች

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ አገር ቤት፣
ግምጃ ቤት

ወንድም ጋሼ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ እንዴት ናቸው? ልጅዎ ሸጋስ፣ ያ ሳሏ ለቀቃት? ከብቱ፣ ጓሮው፣ ያ ከልጅዎ አብልጠው የሚያቀማጥሉት ዳማ ፈረስዎ ሁሉ ደኅና ነው? እኔም እንደ ደብዳቤ ወግ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ውሸት ሆነብኝና ተውሁት። ያለሁት ሆስፒታል ነው። አልጋ ላይ በትራስ ተደግፌ ነው የምጽፍልዎ። እጄ ቶሎ ይዝላል፤ ጥቂት ጽፌ አርፋለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በዚህ ይረዱልኝ።

ይህን የሚያነቡልዎ መሪጌታ አዝመራው እንደሚሆኑ አውቃለሁ። መሪጌታ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምጽፈው ለጆሮ የሚጥም አይደለምና ወንድም ጋሼ ቢቆጡም፣ ከመደቡ ቢነሡም እርስዎ አያቋርጡ። ይህስ ይቅር ብለው የሚዘሉት መስመር እንዳይኖር፤ በሚያገለግሉት ታቦት ይሁንብዎ።

ወንድም ጋሼ፣ ኋላ ስናደድ እንዳልረሳው መጀመሪያ ውለታዎን ልናገር። እናታችን ስትደክም ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ብለው ዘመዶቻችን ሲስቁብዎ፣ ዳንግላ አክስታችን እትዬ ካሳነሽ ቤት አስቀምጠው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ባለፈው ክረምት ተስቦ ጥሎኝ ነፍሴን ሳላውቅ ስቃዥ የደረሱልኝም እርስዎ ነዎት። ወንዙ ሞልቶ መንገደኛው ሁሉ ከዳር ቆሞ ሲመለስ እርስዎ ዳማውን ከነኮርቻው አስገብተው ተሻገሩ። ዳንግላ ከዓብዱልሀሚድ ሱቅ ያን ውስጡ ዱቄት ያለበትን ኪኒን ብብትዎ ሥር ሸጉጠው አመጡልኝ። ልብስዎ በስብሶ፣ ጢምዎ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ኪኒኑ ግን ደረቅ ነበር። በእርሱ ከሞት አፋፍ ተነሣሁ። ባሌ ደርበው ያንን ቀን ባነሣ ቁጥር ወንድም ማለት እንዲህ ነው ይላል።

ከዚያም ወዲህ ራሴን አመመኝ ባልሁ ቁጥር፣ ትኩሳት ብጤ በተሰማኝ ቁጥር፣ እኛ ወዳለንበት ወደ እንጅባራ የሚመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር አንድ ብልቃጥ ይልኩልኝ ነበር። ኅዳር ላይ ጉልበት አጣሁ ብዬ ስልክብዎ ሁለት አድርገው ላኩልኝ። ዋጪው፣ አትሰስቺ አሉኝ። እኔም አልሰሰትሁም። ይህን የምጽፈው እንደምወድዎ መሪጌታም እንዲሰሙ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። የጭነት መኪና የሚነዳው በዛብህ ባለፈው ሰሞን ሊጠይቀን መጥቶ የአገሩን ወሬ ሁሉ ነገረን። የባሌ ወንድም እንየው ጠመንጃውን ወልውሎ፣ የደርበውን ደም ሳልመልስ ጠጉሬን አልላጭም ብሎ ምሏል አለን። እርስዎም ምንሽርዎን ታቅፈው ያድራሉ፣ ያን ዕለት የተውሁት እህቴ ስላለቀሰች ነው እንጂ ደርበው ከአዲስ አበባ ሲመለስ እጨርሰዋለሁ ይላሉ አለን። ጾም ስለገባ ነው አሉ ሁላችሁም የቆማችሁት። እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ ክርስቲያንነት! ፋሲካ ሲሆን በግ ታርዳላችሁ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ደግሞ ሰው ታርዳላችሁ።

ይቅር ይበሉኝና ከዚህ ወዲያ አንቱታውን ለጊዜው አስቀምጬዋለሁ። ንዴትና አንቱታ አብረው አይሄዱልኝም። ሲበርድልኝ አነሣዋለሁ። ስድቡም በአገውኛ ቢጻፍልኝ ነበር የሚያረካኝ፤ አማርኛው ለእንዲህ ያለ ነገር ይለሰልስብኛል።

ስማኝ። ደርበው አንድም ቀን መትቶኝ አያውቅም። በጥፊም፣ በአለንጋም፣ በክፉ ቃልም። ይህን በእናታችን ተዝካር ዕለት ነግሬህ ነበር። አልሰማህም እንጂ ነግሬህ ነበር።

ያን ዕለት እትዬ ካሳነሽ ጓዳ አስቀምጣ ቅቤ ልትቀባኝ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገለጥ አደረገችና እጇ ደርቆ ቀረ። ትከሻዬ፣ ጀርባዬ፣ ጎኔ በልዟል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ ቢጫ ሆኖ እየለቀቀ። ማነው እንዲህ ያደረገሽ አለችኝ። ማንም አልኋት። ወድቀሽ ነው አለችኝ። አልወደቅሁም፣ ዝም ብሎ ነው የሚወጣብኝ አልኋት። ምን ልበላት? እኔም አላውቅም ነበር። እሷ ግን የምታውቅ መሰላት። በእኛ አገር የተመታች ሴት ማንም አልነካኝም ትላለች፤ ያልተመታችም ማንም አልነካኝም ትላለች። ታዲያ እውነቱን የምትናገረው በምን ትታወቅ? እኔ በማልሁ ቁጥር እትዬ ካሳነሽ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፤ ባሏን እየሸፈነች ነው፣ ምን ያህል ቢያስፈራራት ነው ትላለች።

ልቅሶዋ ዳስ ውስጥ ተሰማ። ከጠጪዎቹ አንዱ፣ ስሙን አልጠራውም፣ የግምጃ ቤት ሰዎች እህታቸውን የሚድሩት እንደ ነጋሪት እንድትደለቅ ነው ብሎ አሳቀብህ። ፊትህ ሲለወጥ በበሩ አየሁ። ከቤቱ ኋላ ጠርተህ ጠየቅኸኝ። በእናቴ አጥንት አልመታኝም አልሁህ። አንተም ያቺው እናትሽም ወደቅሁ እያለች ነው የሞተችው አልኸኝና ሄድህ።

እንዴት እንዳልኸው አልረሳሁም። አባታችን እናታችንን በፍልጥ ሲላት፣ ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ ከቆጡ ወደቅሁ፣ በቅሎዋ ረገጠችኝ ስትል፣ አንተ በር ሥር ቁጭ ብለህ የምትሰማ ልጅ ነበርህ። እኔ ገና አልተወለድሁም። ልብህ የት እንደቆሰለ አውቃለሁ። ማወቄ ግን ያደረግኸውን አያሳንስልህም።

እየተመለስን ነበር። ደርበው በቦራ ፈረሱ ከፊት፣ እኔ በበቅሎ ከኋላ። ዘንገና ሐይቁን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ከጫካው ወጣችሁ፤ አንተና የአጎታችን ልጆች። ደርበው ፈገግ አለ። ልትሸኙን በአቋራጭ የቀደማችሁ መስሎት ነው። አማቹን ሊያከብር፣ ከፈረስ ወርዶ ሊስምህ እግሩን ከእርካብ ሲያወጣ ነው የመጀመሪያውን ዱላ ያሳረፍህበት። ምነው ወንድሜ! ሊስምህ ለሚወርድ ሰው!

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ዓይኔ ባላየው። ክንዱ ሲሰበር ሰማሁት፤ ቀርከሃ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። ጥርሱን ከደም ጋር ሲተፋ አየሁ። ቦራው ሲፈራገጥ ከአጎታችን ልጆች አንዱ በገጀራ ቋንጃውን በጠሰው። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቁጭ ብሎ ጮኸ፤ ፈረስ እንዲህ ይጮኻል ብዬ አላውቅም ነበር። ደርበው ራሱን በክንዱ ሸፍኖ ምን አደረግሁ፣ ምን አድርጌ ነው እያለ ይጠይቃል። አንተ ከላዩ ቆመህ በየዱላው መካከል የእናታችንን ስም ትጠራለህ። የእኔን አይደለም። የእናታችንን። ያን ጊዜ የምትመታው ማንን እንደሆነ ገባኝና ለእሱ ሳይሆን ለአንተ ፈራሁልህ።

በአገውኛ እየጮህሁ ደርበው ላይ ተደፋሁ። አንተ ግራ ክንዴን ይዘህ አነሣኸኝ። አልመታኸኝም፣ አልጎዳኸኝም። ሰው ልጁን ከእሳት ዳር እንደሚያነሣ ነው ያነሣኸኝ። ዞር በይ፣ ላንቺው ብዬ ነው አልኸኝ። ድምፅህም ያባብል ነበር።

በማግስቱ ክንዴን ስገልጠው ጣቶችህ አሉ። አምስቱም። አውራ ጣትህ ከውስጥ፣ አራቱ ከውጭ፣ ጥቁር ሆነው ወጥተዋል። ደርበው አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኖ፣ በቀረው ዓይኑ ያንን አየና አለቀሰ። ወጌሻው ክንዱን ሲጎትተው ያላለቀሰ ሰው!

እስቲ አሁን ፍረድ። ያን ክንድ የሚያይ ሰው ምን ይላል? ወንድሟ ቀጠቀጣት አይልም? እኔስ አልመታኝም፣ ያዘኝ እንጂ ብል ማን ያምነኛል? እትዬ ካሳነሽ ታምነኛለች? አንተ ግን ታውቃለህ። በዚህ ዓለም ላይ እንዳልመታኸኝ የምታውቅ አንተ ነህ። ያዝ ማድረግህ ይህን ካወጣ፣ የቀረውን ጥቁር ሁሉ ያወጣው የበቅሎዋ ኮርቻ፣ የውሃው እንስራ፣ የተኛሁበት መደብ ነው። የደርበው እጅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ አፍንጫዬ ይነስረኝ ጀመር፤ አልቆም አለ። ጨርቅ ጎሰጎሱበት፣ በአፌ መጣ። ድዴ ያለ ምክንያት ይደማል። ዳገት ስወጣ ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ትደርሳለች፣ ከንፈሬ እንደ አመድ ነጥቷል። ቡዳ በልቷታል ያለም ነበር። ደርበው ግን የተሰበረ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ እኔን ደግፎ እንጅባራ ላይ አውቶቡስ አሳፈረኝ። በየማረፊያው ሰው እሱን ሲያይ ለእሱ ነበር የሚያዝንለት፤ እኔ አስታማሚ መሰልኋቸው።

እዚህ ያለው ሐኪም ፈረንጅ ነው። ዋጋዬ የምትባል ነርስ ታስተረጉምልናለች። ደሜን ቀድተው አዩት፣ ተያዩ፣ ደግሞ ቀዱ። በኋላ በሆዴ አስተኝተው ከዳሌዬ አጥንት በወፍራም መርፌ መቅኒዬን ሊያወጡ ገቡ። ወንድሜ፣ አጥንት ሲበሳ ይሰማል። ሐኪሙ በጉልበቱ ተደግፎ መርፌውን ሲያዞር፣ ነጠላዬን ነክሼ ድዴ ደም በደም ሆነ። የወጣውን መስታወት ላይ አድርገው አዩት።

ደም ልብ ውስጥ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። አይደለም አሉኝ። ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ፣ መቅኒው ላይ ነው። እናንተ በየበዓሉ ቅልጥሙን የምትሻሙለት ያ ለስላሳው ነገር ማለት ነው። ቀዩን ደም ይሠራል፤ እሱ ጉልበት ነው። ነጩን ይሠራል፤ እሱ በሽታን ይዋጋል። ሌላም ደቃቅ ነገር ይሠራል፤ እሱ ደም ሲፈስ ቀዳዳውን ይደፍናል። የእኔ መቅኒ ሦስቱንም መሥራት ትቷል። ጋኑ አለ፣ ጥንስሱ የለም። ሰው ያዝ ሲያደርገኝ የምበልዘው ያ ደቃቁ ስለሌለኝ ነው። ደርበው ይህ ሲተረጎምለት በግራ እጁ ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ በአገውኛ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ ምነው ይህን ወንድምሽ በሰማ አለኝ። እነሆ እያሰማሁህ ነው።

ደም ያስፈልጋታል ሲሉ ደርበው ግራ እጁን ዘረጋ። ቀኙ በአንተ ዱላ ተሰብሮ ታስሯላ! ደሙ ተመርምሮ ለእኔ የሚሆን ሆነ። እሱን ሲሰጡኝ ፊቴ ይመለሳል፣ ተነሥቼ በመስኮት አያለሁ። ሰንብቶ ደግሞ ይጎድላል። ዳግመኛም ሰጠኝ። አሁን ሐኪሙ አንተም ትሞታለህ ብሎ ከልክሎታል። መቅኒው ይመለሳል ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ዋጋዬ ለመተርጎም ጊዜ ፈጀባት። እሱም ሲመልስ እኔን ሳይሆን የመኝታዬን ሰሌዳ ነበር የሚያየው።

ከየት መጣብኝ አልሁ። ምን መድኃኒት ስትወስጂ ነበር አለኝ። ደርበው ጓዛችን ውስጥ ያለውን ብልቃጥ አውጥቶ ሰጠው። ሐኪሙ ጽሑፉን አንብቦ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ክሎራምፌኒኮል ይባላል አለ። ክፉ መድኃኒት አይደለም፣ ለተስቦ ፍቱን ነው፣ ክረምት ላይ ነፍስሽን ያተረፈው እሱ ነው አለ። ብዙ ሰው ወስዶት ምንም አይሆንም። ከስንቱ መካከል ግን አንዱን መርጦ፣ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሳይታወቅ፣ መቅኒውን ያደርቅበታል። ይልቁንም ሲደጋገም አለ። ይህን ሁሉ ማን አመጣልሽ ብሎም ጠየቀኝ።

ደርበው አየኝ። አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደምሁት። ራሴ ነኝ ከገበያ የገዛሁት አልሁ። ደርበው እንደተቀመጠ ዝም አለ። እስካሁንም ዝም እንዳለ ነው። በዛብህ ሲመጣም ዝም አለ፤ ለእንየው በላከው ደብዳቤም ይህን አላነሣውም። አንተ የሰበርኸው ሰው ነው እንግዲህ ይህ።

አሁን በረደልኝ። አንቱታውን ላንሣው።

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ሲሰሙ ፈረስ ጭነው ወደ ዳንግላ እንዳይነሡ፤ ጠባይዎን አውቀዋለሁ። ዓብዱልሀሚድ ምንም አላጠፋም። ሰው ሁሉ ስጠን ያለውን ነው የሰጠው። ለልጁ ለሐቢባም ያንኑ ነበር የሰጣት፤ ድና ትሮጣለች። ለማንም ቂም አይያዙ። ለራስዎም ቢሆን አይያዙ። እርስዎ ቤት ሳጥን ውስጥ የተረፈ ብልቃጥ ካለ ግን ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት። ለሸጋ ሳል አይስጧት። አደራ፣ በእኔ ሞት፣ አይስጧት።

የምለምንዎ ይህ ነው። ፋሲካ ሳይገባ፣ በሆሳዕና፣ ድንጋይ በማጅራትዎ ተሸክመው ከሽማግሌዎች ጋር እንየው ደጅ ይውደቁ። እንደማይወዱት አውቃለሁ። የግምጃ ቤት ሰው ይስቅብኛል ይላሉ። ይሳቅ! ባለፈው ሲሳቅብዎ ዱላ አነሡ፤ ምን ተረፈን? ደርበው ለእንየው፣ ወንድሟ ሲመጣ ተቀበለው፣ ክንዴ የእኔ ነው፣ ይቅር ያልሁትም እኔ ነኝ ብሎ ልኮበታል። ቀኝ እጁ ስላልጠና እሱ እየተናገረ እኔ ነኝ የጻፍሁለት። እንየው ይሰማዋል። የቀረው የእርስዎ ነው።

ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለኝ፤ እንቅልፍ የነሣኝም እሱ ነው። በእግሬ ብመለስ እሰየው። በሰው ሸክም ብመለስ ግን ሴቶቹ ገላዬን ሊያጥቡ ይገልጡኛል። አሁን መላ አካላቴ በልዟል፤ መርፌ የገባበት፣ የተኛሁበት ጎን፣ ሁሉም። እትዬ ካሳነሽ ያንን አይታ ገደላት ብላ ስትጮህ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። ወንዶቹ ከልቅሶው ላይ ተነሥተው ወደ ጠመንጃቸው ሲሄዱ ይታየኛል። ስለዚህ እኔ ሳልታጠብ መሪጌታ ይህን ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ያንብቡ፤ ኪኒኑን ማን እንዳመጣው የጻፍሁትን ግን ያን ጊዜ ይዝለሉት። የመድኃኒቱንና የመቅኒውን ነገር ሁሉም ይስማ። ቃሬዛዬንም ከፊት እንየው ይያዝ፣ ከኋላ እርስዎ ይያዙ። እጃችሁ በእኔ ተይዞ ሳለ ሌላ ነገር የምታነሡበት እጅ አይኖራችሁም።

ኪኒኑን ማን እንዳመጣው እርስዎ ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ደርበውም ያውቀዋል፤ መሪጌታም አሁን ሰሙት። እዚያው ከአራታችን ጋር ይቅር። እንኳን ለሌላ ሰው፣ ለንስሐ አባትዎም ካልጠየቁዎት አይንገሩ።

እግዚአብሔር እድሜዎን ያርዝምልኝ። ሸጋን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልዎ፤ ከማይመታት ሰው ያገናኝልዎ፣ አልመታኝም ስትልም ይመኗት። ዳማውን በእኔ ስም አንገቱን ያሹልኝ። እናታችን ካለችበት ሆና እርስዎን ታሳርፍልኝ፤ እስካሁን ያላረፉት እርስዎ ነዎት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የሌላው ገላዬ በለዝ ይመጣል ይሄዳል፤ ግራ ክንዴ ላይ ያሉት ጣቶችዎ ግን አለቁ ስል ይመለሳሉ። ስደርስ ሴቶቹ ሳይቀርቡኝ ቀድመው ይግቡና ያንን ክንዴን በነጠላዬ ይጠቅልሉልኝ። ሲይዙኝ ቀስ ብለው ይያዙኝ።

ታናሽ እህትዎ